በሙዚቃ ፌስቲቫል ሜዳ ላይ የትኛውን ወይን እንቅመስ?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሆነው አግኝተናቸዋል። ክፍት ሜዳ ላይ በሚካሄዱ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች ከሚተከሉት የወይን ቅምሻ ድንኳኖች በአንዱ ፊት የቆመ ሰው ከተደረደሩት ጠርሙሶች የትኞቹን ቢመርጥ ይበጀዋል የሚል ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ለሁለት ቀን የሚቆይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ እገኛለሁ። ዝግጅቱ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ከመግቢያ ትኬቱ ጋር በየቀኑ ስድስት ትናንሽ ቅምሻዎች የሚያስገኙ ኩፖኖች ተሰጥተውኛል። በወጣው ዝርዝር ላይ ከሠላሳ በላይ ወይኖች ቆጥሬአለሁ፤ ነገር ግን ቀይና ነጭ ከማለት ያለፈ እውቀት ስለሌለኝ፣ ስሙን የማውቀውን አንድ ቀይ ወይን ብቻ ደጋግሜ ጠጥቼ እንዳልመለስ ሰግቻለሁ። የትኞቹን ልምረጥ? በምን ቅደም ተከተልስ ልቅመስ?
— ዝርዝሩ የበዛባት አንባቢ

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው በቅምሻ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም እጁ የሚዘረጋው ወደሚያውቀው ስም ነው፣ የሚያውቀው ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የከባድ ቀይ ወይን ስም ነው። እኔ የምመክርዎ ዝርዝሩን ከማንበብዎ በፊት ቀና ብለው ሰማዩን እንዲመለከቱ ነው። በሜዳ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ምርጫውን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ነፋሱና ከመድረኩ የሚመጣው ድምጽ ይከተላሉ፤ የጠርሙሱ ዝና የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለ ሙቀቱ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። አረፋማ ወይን ከ6 እስከ 8፣ ነጭ ወይኖችና ሮዜ የሚባሉት ሮዝ ቀለም ያላቸው ወይኖች ከ8 እስከ 12፣ ቀለል ያሉ ቀይ ወይኖች ከ12 እስከ 14፣ ከባድ ቀይ ወይኖች ደግሞ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲቀርቡ ጠባያቸው በደንብ ይገለጣል። አየሩ 30 ዲግሪ በደረሰበት ሜዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ የዋለ ቀይ ወይን ራሱም ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ወይን ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ አልኮሉ በብዛት ስለሚተን አፍንጫን የሚሰነፍጠው እርሱ ይሆንና የፍሬው መዓዛ ከሥሩ ይቀበራል። «እንግዲያውስ ቀዩን በበረዶ አስቀዝቅዤ እጠጣዋለሁ» ቢሉ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በቀይ ወይን ውስጥ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚገኝ ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተያያዘ ድድንና ምላስን የሚያደርቀው፣ አፍን የሚያኮማትረው እርሱ ነው። ቅዝቃዜ መዓዛውን አፍኖ ይህንኑ ማኮማተርና ምሬት ያጎላዋል። ስለዚህ ታኒን የበዛበት ከባድ ቀይ ወይን በቀትር ፀሐይ ሥር ቢሞቅም አይሆንለትም፣ ቢቀዘቅዝም አይሆንለትም። ጥፋቱ የወይኑ አይደለም፤ ያለ ሰዓቱ መቅረቡ ነው።

ለቀኑ ክፍለ ጊዜ የሚሻለው ጎምዛዛነቱ ከፍ ያለ፣ ታኒኑ ያነሰ፣ የአልኮል መጠኑም ዝቅ ያለ ወይን ነው። ጎምዛዛነት ምራቅን ስለሚያመነጭ አፍን ያርሳል፣ ወይኑ ትንሽ ሞቅ ቢል እንኳ ሕይወቱን አያጣም። በዝርዝሩ ላይ ከጀርመን የሞዘል ወንዝ ሸለቆ የመጣና «ካቢኔት» የሚል ደረጃ የተጻፈበት፣ ሪዝሊንግ የተባለ ነጭ ወይን ካገኙ በእርሱ ላይ አንድ ኩፖን ቢያውሉ አይቆጭዎትም። የዚህ ዓይነቱ ወይን ብዙ ጊዜ የአልኮል መጠኑ ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው፤ በውስጡ የቀረው ስኳርና ኃይለኛው ጎምዛዛነት እርስ በርስ ስለሚመዛዘኑ ጣፋጭ ነው ብለው ሊያጣጥሉት ሲያስቡ አፍዎን አጥርቶት ይሄዳል። ከሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል የሚመጣው ቪኞ ቨርዴም በዚሁ ወገን የሚመደብ ነው። የስሙ ትርጉም «አረንጓዴ ወይን» ቢሆንም አረንጓዴነቱ ቀለሙን ሳይሆን ገና ወጣት ሳለ መጠጣቱን የሚያመለክት ሲሆን፣ አንዳንዱ ምላስን በስሱ ቆንጠጥ የሚያደርግ ጋዝ ይኖረዋል።

ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ላይ ደግሞ መዓዛው ገና ከሩቅ የሚጠራ ወይን ይመረጣል፤ ስሱ መዓዛ ከብርጭቆው አፍ ሳይወጣ ነፋሱ ይወስደዋልና። ለዚህ ሶቪኞን ብላን የተባለው የወይን ዘር፣ በተለይም በኒውዚላንድ ማርልቦሮ የሚበቅለው፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ የታጨደ ሣር የሚመስለው ሽታው ፓይራዚን ከሚባሉ ውሁዶች የሚመነጭ ሲሆን፣ እነዚህን ውሁዶች የሰው አፍንጫ እጅግ በጥቂቱም ቢሆን ለይቶ ያውቃቸዋል።

ሮዜን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሮዜ ቀለሙን የሚያገኘው የቀይ ወይን ፍሬ ጭማቂ ከልጣጩ ጋር ለጥቂት ሰዓታት ብቻ እንዲቆይ በማድረግ ስለሆነ ታኒኑ አነስተኛ ነው፤ ለሜዳም ይስማማል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ገዢን እንዲማርክ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚታሸገው ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ጠርሙስ ነው። የፀሐይ ብርሃን በወይን ውስጥ ያለውን ሪቦፍላቪን የተባለ ቫይታሚን ቀስቅሶ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ ያላቸው የድኝ ውሁዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ስለዚህ ለዕይታ ተብሎ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው ጠርሙስ ሳይሆን ከበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ከወጣው እንዲቀዱልዎ ይጠይቁ።

ቀይ ወይን ካላገኘሁ አልረካም የሚሉ ከሆነ ጋሜ ከተባለው የወይን ዘር የሚጠመቀውን ቦዦሌ ይሞክሩ። በፈረንሳይ የቡርጎኝ መስፍን የነበረው ደፋሩ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ይህን ተክል ከግዛቱ እንዲነቀል በአዋጅ አዝዞ ከሃዲ ተክል ብሎ እስከመስደብ ደርሶ ነበር። እኔ ግን መስፍኑ በሐሩር ሜዳ ላይ ቆሞ ቢቀምሰው ኖሮ ፍርዱን ያለዝብ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ታኒኑ ቀላል፣ ፍሬው ግልጽ ስለሆነ እስከ 12 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እንኳ አይኮማተርምና።

ፀሐይዋ ከጠለቀችና አየሩ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ለከባዶቹ ጊዜያቸው ይደርሳል። ከእነርሱ በፊት ግን ከነጭ የወይን ፍሬ ከነልጣጩ የሚጠመቀውን፣ ብርቱካናማ ወይም አምበር የሚባለውን ወይን ካገኙ አይለፉት። ጆርጂያውያን ይህን ወይን ክቬቭሪ በሚባሉና መሬት ውስጥ በሚቀበሩ ትላልቅ የሸክላ ጋኖች የሚጠምቁ ሲሆን፣ አጠማመቁ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የነጭ ወይን ጎምዛዛነትና የቀይ ወይን ማኮማተር በአንድ ጉንጭ ውስጥ ስለሚገናኙ የመጀመሪያው ጉንጭ ግራ ያጋባል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ፉት ሳይሉ አይፍረዱበት።

ቅደም ተከተሉ ከዚህ በኋላ ራሱን በራሱ ይሠራል። ከአረፋማው ወይም ከቀላሉ ነጭ ይጀምሩ፤ ከዚያ ሮዜውን፣ ቀላሉን ቀይ፣ ምሽት ላይ አምበሩን፣ በመጨረሻ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን ወይም ነቢዮሎን የመሰለ አንድ ከባድ ቀይ ይቅመሱ። በጣም ጣፋጭ ወይን ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ስኳሩና ታኒኑ አፍ ላይ ስለሚቆዩ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ስስ ወይን ውኃ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ስድስቱንም የማያውቋቸውን ይምረጡ፤ በሁለተኛው ቀን ከስድስቱ የወደዷቸውን ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ደግመው ይቅመሷቸው። ትናንት በአራተኛው ቅምሻ ላይ የወደዱት ወይን ዛሬ በመጀመሪያው ቅምሻ ላይ ያንኑ ያህል ካስደሰተዎ ወይኑን በእርግጥ ወደውታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በአንድ ፌስቲቫል ላይ ከመድረኩ ሥር ቆሜ የቀመስኩት ሮዜ ወይን እጅግ ስለማረከኝ ከዚያው ድንኳን አንድ ጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ግን ያ ጥርት ያለ ጣዕሙ ጠፍቶ ጣፋጭነቱ በዛብኝ። በመለያው ላይ ያለው ጽሑፍ ያው ነው። ተታልዬ ይሆን?
— የተጠራጠረ አንባቢ

መልስ፦ ሻጩን ከመጠርጠርዎ በፊት ጆሮዎን ይጠርጥሩ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የአውሮፕላን ክፍልን ድምጽ የሚመስል 85 ዴሲቤል ያህል ጫጫታ እየሰሙ የተለያዩ ጣዕሞችን እንዲቀምሱ ሲደረግ፣ የጣፋጭነት ስሜታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ከምላስ የፊት ክፍል ጣዕምን ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ የሚያልፈው በመካከለኛው ጆሮ በኩል ከታምቡሩ አጠገብ መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ጆሮና ምላስ ጎረቤታሞች መሆናቸው እንግዳ አይሆንበትም። የሙዚቃ መድረክ ደግሞ ከአውሮፕላን የባሰ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ስፍራዎች ባወጣው መመዘኛ የፈቀደው ከፍተኛ ልክ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። በዚህ ላይ ቅዝቃዜም ጣፋጭነትን ስለሚደብቅ፣ ከበረዶ ወጥቶ በድምጽ ማጉያ ፊት የተቀመሰ ሮዜ ከእውነተኛ ጠባዩ ይልቅ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ቤትዎ ጸጥ ያለ ነበር፤ ምናልባትም ወይኑ እንደ ፌስቲቫሉ አልቀዘቀዘም ነበር።

ከድምጹ ብዛት ባሻገር የሙዚቃው ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። በስኮትላንድ የሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድሪያን ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች አንድ ዓይነት ወይን እየጠጡ የተለያየ ጠባይ ያለው ሙዚቃ እንዲሰሙ ተደርጎ ነበር። ከባድና ኃይለኛ ሙዚቃ የሰሙት ወይኑን ከባድና ኃይለኛ አሉት፤ ቀልጣፋና መንፈስን የሚያድስ ሙዚቃ የሰሙት ደግሞ ወይኑንም በዚያው ልክ ገለጹት። እኚሁ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ሌላ ሥራ፣ በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የፈረንሳይ ሙዚቃ ሲሰማ የፈረንሳይ ወይን፣ የጀርመን ሙዚቃ ሲሰማ የጀርመን ወይን በብልጫ እንደሚሸጥ አሳይተዋል። እኔን ያስገረመኝ ሽያጩ አይደለም፤ አብዛኞቹ ገዢዎች ሙዚቃው በምርጫቸው ውስጥ ድርሻ እንደነበረው አለማወቃቸው ነው።

ብርጭቆውም አለ። ለወይን ቅምሻ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ መለኪያ ብርጭቆ እ.ኤ.አ. በ1977 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ ኤስ ኦ) ደረጃ የወጣለት ሲሆን፣ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ነው፤ ወደ 215 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቢሆንም የሚቀዳበት 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ባዶ የቀረው ቦታ መዓዛው የሚጠራቀምበት ነው። በፌስቲቫል ላይ የሚሰጠው የፕላስቲክ ኩባያ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ አፉ እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ መዓዛውን ይበትነዋል። ወደፊት ጠርሙስ ሊገዙ ሲያስቡ ከድምጽ ማጉያው ርቀው፣ ቢቻል ሙዚቀኞች በሚለዋወጡበት የዕረፍት ሰዓት ይቅመሱ፤ ኩባያውን በመዳፍዎ ከድነው በቀስታ ያሽከርክሩት፣ ከዚያ ገልጠው ወዲያው ያሽትቱ። የቀረበልዎ ወይን በጣም ከቀዘቀዘም እጅዎ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ሁለተኛ ጉንጭ ይውሰዱ፤ ቤትዎ የሚጠብቅዎ ወይን ይህኛው ነው። የተረፈዎትን ጠርሙስ ግን አይጣሉት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በረዶ በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ አቆይተው የዚያን ዕለቱን ሙዚቃ ከፍተው ቢሞክሩት የተሻለ ሳይመስልዎ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጣፋጭ አረፋማ ወይን አልወድም። በዝርዝሩ ላይ «ብሩት» እና «ኤክስትራ ድራይ» የሚባሉ አሉ። ሁለተኛው እጅግ ደረቅ ማለት ስለሚመስለኝ እርሱን ልምረጥ?

መልስ፦ አይምረጡ፤ ስሙ ያሳስታል። በብሩት ውስጥ የሚኖረው ስኳር በሊትር ከ12 ግራም አያልፍም፣ በኤክስትራ ድራይ ውስጥ ግን ከ12 እስከ 17 ግራም ይደርሳል። ስያሜዎቹ ሥር የሰደዱት የአረፋማ ወይን ጠጪዎች ከዛሬው እጅግ የሚጣፍጥ ወይን በለመዱበት ዘመን በመሆኑ፣ ያን ጊዜ ደረቅ የተባለው ዛሬ ለእኛ ጣፋጭ ነው። ከብሩትም የደረቀ ከፈለጉ ስኳሩ ከ6 ግራም የማይበልጠውን «ኤክስትራ ብሩት» ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በምንሄድበት ፌስቲቫል ጠርሙስ ስለተከለከለ ወይን የሚቀርበው በጣሳና በካርቶን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ወይን መቅመስ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። በካርቶን ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት፣ አውስትራሊያዊው ወይን ጠማቂ ቶማስ አንጎቭ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ሐሳብ ነው፤ ወይኑ በተቀዳ ቁጥር ከረጢቱ እየተኮማተረ ስለሚሄድ አየር አይገባበትም። ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውድ ጠርሙስ ይልቅ በጥላ ሥር ካለ ካርቶን የተቀዳ ተራ ወይን ይሻለኛል፤ በጠርሙስ የሚቀርብበት ቦታ ከሄዱም አስተናጋጁን «መቼ ነው የተከፈተው?» ብሎ መጠየቅ ይልመዱ።

ጣሳ ብርሃን አያስገባም፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። እንከኑ ሌላ ነው። የጣሳው ውስጥ በስስ ፕላስቲክ ቢለበጥም፣ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከአልሙኒየሙ ጋር ከተገናኘ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ከጣሳው በቀጥታ አይጠጡ፤ ኩባያ ላይ ቀድተው ጥቂት ካሽከረከሩት ሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። በተረፈ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ የሙሉ ጠርሙስ ሲሶ መሆኑን አይዘንጉ፤ ለአንድ ሰው ቅምሻ ብዙ ነው፣ ከጓደኛ ጋር መካፈል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ነጭ ወይን ላይ በረዶ ብጨምር ነውር ነው?

መልስ፦ ለመጠጣት ከሆነ ነውር የለውም፤ ፈረንሳውያን ራሳቸው በረዶ የተሞላ ሮዜን «መዋኛ» ብለው ጠርተው ይጠጡታል። ለመቅመስ ከሆነ ግን በረዶው ሲቀልጥ የሚቀምሱት ወይኑን ሳይሆን ቅልቅሉን ነው። ይልቅስ ጠርሙሱ የተነከረበት ሳጥን ውስጥ በረዶ ብቻ ሳይሆን ውኃም መኖሩን ይመልከቱ፤ ውኃው የጠርሙሱን ገላ ዙሪያውን ስለሚነካ ውኃ ከሌለው በረዶ ይልቅ ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ መካከል መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። ስድስት ትናንሽ ቅምሻዎች ያን ያህል የሚያሰክሩ አይመስለኝም። ባለሙያዎች ቀምሰው እንደሚተፉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በሰው ፊት መትፋት ያሳፍረኛል። ምን ይመክሩኛል?
— ሾፌሩ

መልስ፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 12 በመቶ አልኮል ያለው 50 ሚሊ ሊትር ወይን ወደ 4.7 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ስድስቱ ቅምሻዎች ሲደመሩ 28 ግራም ያህል ይሆናሉ፤ ይህም ሁለት ሙሉ ባለ 150 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ወይን ከመጠጣት እኩል ነው። የሰው አካል በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል በመሆኑ ስድስቱ ከደምዎ እስኪወጡ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃሉ። የወይኖቹ መጠን 14.5 በመቶ ከሆነ ደግሞ ድምሩ ወደ 34 ግራም ከፍ ይላል። አስተናጋጁ በሜዳ ላይ በዓይኑ ልክ ስለሚቀዳ 50 ሚሊ ሊትር የተባለው ብዙ ጊዜ 70 ሆኖ መገኘቱንም ከራሴ ልምድ እመሰክራለሁ። ፀሐይና ጭፈራ የሚያመጡትን ጥም ወይን አይቆርጠውም፤ አልኮል ኩላሊት ውኃን እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያዳክም ያብሰዋል እንጂ። በእያንዳንዱ ቅምሻ መካከል ሁሉም ሰው ውኃ ይጠጣ።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር የማያሻማ ነው፦ የሚነዱ ከሆነ ምንም አይዋጡ። የሚተፋ ሰውም ጥቂቱ ሳያውቀው ወደ ጉሮሮው መውረዱ ስለማይቀር፣ ከሁሉ የሚሻለው ኩፖንዎን በሚቀጥለው ቀን በማይነዱበት ጊዜ መጠቀም ወይም ማሽተት ብቻ ነው፤ የወይን ጣዕም ከምንለው አብዛኛው በአፍንጫ በኩል የሚታወቅ ስለሆነ ማሽተት ብቻውን ከሚያስቡት በላይ ያስተምራል። በማይነዱበት ቀን ግን መትፋትን አይፈሩት። በቀን ብዙ ወይኖችን የሚመረምሩ ዳኞች ሥራቸውን የሚሠሩት እየተፉ ነው። በጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ ካላዩ ይጠይቁ፤ አስተናጋጁ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ዕቃውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ያቀርብልዎና፣ ተራ ከሚጠብቁት ሁሉ ይልቅ እርስዎን ስለ ወይኑ በቁም ነገር ማነጋገር ይጀምራል።